ገመዱ የተቆረጠ ዕለት፦ ስለ ፓስፊክ ደሴቶች ኢንተርኔት

ጃንዋሪ 15 ቀን 2022 (እዚህ የምጠቅሳቸው ቀኖች ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) ሁንጋ ቶንጋ ሁንጋ ሃአፓይ የተባለው የባሕር ሥር እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ፣ ቶንጋን ከዓለም ጋር የሚያገናኛት ገመድ አንድ ብቻ ነበር። ከዋና ከተማዋ ከኑኩአሎፋ ተነሥቶ 827 ኪሎ ሜትር በባሕር ወለል ተጉዞ ፊጂ፣ ሱቫ ላይ ይወጣል። እሱ ሲበጠስ መቶ ሺህ ገደማ ሕዝብ ያላት አገር በአንድ ቀን ድምፅዋ ጠፋ። ገመዱ የተቀጠለው ፌብሩዋሪ 22 ላይ ነው። ወደ ሃአፓይና ወደ ቫቫኡ ደሴቶች የሚሄደው የአገር ውስጥ ገመድ ደግሞ እስከ 2023 አጋማሽ ጠበቀ፤ ዓመት ከመንፈቅ።

ስለ ፓስፊክ ደሴቶች ኢንተርኔት የሚወጣው ዜና ባብዛኛው የምረቃ ዜና ነው። ገመዱ ዳርቻ ላይ ይወጣል፣ ባለሥልጣን ሪባን ይቆርጣል፣ ፍጥነቱ በዚህን ያህል እጥፍ አደገ ይባላል። እውነት ነው፣ ያድጋል። የደሴት ኔትወርክ ደኅና መሠራቱ የሚታወቀው ግን ገመዱ በተቆረጠ ዕለት ነው፤ እቅዱም ከዚያ ዕለት ተነሥቶ ወደ ኋላ ቢሠራ ይሻላል። የባሕር በር የሌለን ሰዎች ምን አገባን ለሚል፣ የኢትዮጵያ ኢንተርኔትም ከዓለም የሚገናኘው በጅቡቲና በኬንያ በኩል ባሕር ውስጥ ገብቶ ነው።

ጥልቅ ባሕር ላይ የሚተኛው ገመድ ውፍረቱ 17 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ የአትክልት ማጠጫ ጎማ ያህል ነው። መሐሉ ላይ ፀጉር የሚያካክሉ የመስታወት ክሮች፣ ዙሪያቸውን የብረት ሽቦ፣ ቀጥሎ መዳብ፣ ከላይ ፕላስቲክ አለው። ወደ ዳርቻ ሲቀርብ መልህቅና የዓሣ መረብ ስለሚያገኘው አንድ ወይም ሁለት ድርብ ወፍራም የብረት ሽቦ ይደረብለታል። መዳቡ የገባው ለማጉያዎቹ ነው። ብርሃኑ ከ60 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተጓዘ በኋላ ይደክማል፤ ስለዚህ በየመሐሉ ማጉያ ይገባል፣ ማጉያውም ኤሌክትሪኩን የሚያገኘው ከየብስ በዚሁ መዳብ በኩል ነው። የሚላከው 1 አምፔር ገደማ የማይዋዥቅ ዲሲ (በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈስ ኤሌክትሪክ) ነው፤ የሚገፋው ቮልት እንደ ገመዱ ርዝመት ብዙ ሺህ ይደርሳል። ከ300 እስከ 400 ኪሎ ሜትር ያልበለጠ ርቀት ግን ከየብስ ብርቱ ሌዘር ተደርጎለት ያለ ማጉያ ሊሠራ ይችላል። ዋጋው ይቀንሳል፣ ባሕር ውስጥ የሚበላሽ ኤሌክትሮኒክስም አይኖርም። የአገር ውስጥ ገመድ ለማቀድ ሲነሣ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ይህ ነው፦ መስመሩን በየደሴቱ እያሳረፍን እያንዳንዱን ክፍል ከዚህ ርቀት በታች ማድረግ እንችላለን ወይ?

ሲቆረጥ የመጀመሪያው ሥራ ቦታውን ማወቅ ነው። አንደኛው መለኪያ ብርሃን ነው። ገመዱ የብስ ላይ ከሚወጣበት ማረፊያ ጣቢያ የብርሃን ምት ይላክና የማሚቶው ሰዓት ይለካል። ብርሃን በመስታወት ውስጥ በሴኮንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚሄድ ለአንድ ኪሎ ሜትር ደርሶ መልስ 10 ማይክሮ ሴኮንድ ይፈጅበታል፤ ማሚቶው በ3.7 ሚሊ ሴኮንድ ከተመለሰ ቁርጡ 370 ኪሎ ሜትር ላይ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ለከተማ ፋይበር የሚያገለግለው ተራው የማሚቶ መለኪያ መሣሪያ፣ ኦቲዲአር፣ ማጉያ ባለበት ገመድ ላይ ከመጀመሪያው ማጉያ አልፎ አያይም፣ ማጉያው ወደ ኋላ የሚመለስ ብርሃን ስለሚያግድ። በማጉያዎቹ የመመለሻ መስመር የሚጠቀመው ኮሄረንት ኦቲዲአር ጣቢያው ውስጥ ከሌለ ሰው በአውሮፕላን ይዞት እስኪመጣ ይጠበቃል።

ሁለተኛው መለኪያ ኤሌክትሪክ ነው። የመዳቡ ሬዚስታንስ በኪሎ ሜትር 1 ኦም አካባቢ ስለሆነ 1 አምፔር ሲላክ በየኪሎ ሜትሩ 1 ቮልት ያህል ይወርዳል። የተበጠሰው መዳብ ጨው ውሃ ሲነካ ባሕሩ ራሱ መሬት ይሆንለታል። ጣቢያው ላይ ከሚነበበው ቮልት ማጉያዎቹ የሚወስዱት ሲቀነስ የቀረው ቁጥር ርቀቱን ይናገራል። ሁለቱ መለኪያዎች ከተቀራረቡ መርከብ ይጠራል።

አንድ ወጥመድ አለ። ሁለቱም የሚሰጡት የገመዱን ርዝመት ነው፣ የካርታውን ርቀት አይደለም። ገመድ ሲዘረጋ የወለሉን ጉብታና ጎድጓዳ እንዲከተል ከ1 እስከ 3 በመቶ ላላ ይደረጋል፤ በ400 ኪሎ ሜትር ላይ 2 በመቶ 8 ኪሎ ሜትር ነው። የትኛው የገመድ ኪሎ ሜትር በየትኛው ኬክሮስና ኬንትሮስ ላይ እንደተኛ የሚዘረዝረው የዝርጋታ ሰነድ ከጠፋ፣ መርከቧ በቀን በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር እየተከፈላት ባዶ ወለል ስታርስ ትውላለች። ሰነዱ ቢያንስ ሁለት ቦታ፣ አንዱም ከደሴቷ ውጭ መቀመጥ አለበት።

ጥገናው ራሱ ከጥንት የዓሣ ማጥመድ ብዙም አይርቅም። መርከቧ መንጠቆ ወደ ወለሉ ታወርድና ገመዱን አቋርጣ ትጎትታለች። ሳይቆረጥ በሙሉ ወደ ላይ ማንሣት አይቻልም፣ ያን ያህል ላላ አይደለምና፤ ስለዚህ መጀመሪያ በሚቆርጥ መንጠቆ ይበጠሳል። ከዚያ አንዱ ጫፍ ይወጣል፣ እስከ የብሱ ድረስ ይፈተሻል፣ ታሽጎ ተንሳፋፊ ቦያ ላይ ይታሰራል። ሌላው ጫፍ ይወጣል፣ እሱም ይፈተሻል፣ አዲስ ገመድ ይቀጠልበትና እየተዘረጋ ወደ ቦያው ይመለሳል፤ እዚያ የመጨረሻው መገጣጠሚያ ይሠራል። አንድ መገጣጠሚያ ክሮቹን ማቅለጥ፣ ፕላስቲኩን በቅርጽ ማፍሰስና በኤክስሬይ ማየት ስላለበት አንድ ቀን ገደማ ይፈጃል። ባሕሩ ከተናወጠ ሁሉም ይቆማል። የሚጨመረው አዲስ ገመድ የውሃውን ጥልቀት ከሁለት እስከ ሁለት ተኩል እጥፍ ያህል ነው፤ 2,000 ሜትር ጥልቀት ላይ የደረሰች አንዲት ብልሽት ከ4 እስከ 5 ኪሎ ሜትር ገመድ ትበላለች።

ቶንጋን ያዘገየውም ይኸው የመለዋወጫ ጉዳይ ነው። ፍንዳታው ያስነሣው የአመድና የድንጋይ ጎርፍ በባሕር ወለል ላይ ሮጦ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ የዓለም አቀፉን ገመድ፣ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ደግሞ የአገር ውስጡን ጎዳ ወይም ቀበረ። ሪላያንስ የተባለችው የጥገና መርከብ የተነሣችው ከፓፑዋ ኒው ጊኒ፣ ከፖርት ሞርስቢ ነው፤ ከ4,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ለዓለም አቀፉ የሚበቃ ገመድ ተገኘ። ለአገር ውስጡ ግን የሚበቃ መለዋወጫ ስላልነበረ ፋብሪካ አዲስ አምርቶ እስኪልክ ተጠበቀ። መለዋወጫ ሲገዛ «ከጠቅላላው ይህን ያህል በመቶ» ከማለት የመስመሩን ካርታ ዘርግቶ መቁጠር ይሻላል። የጥልቁ ቦታ ጥልቀት በሁለት ተኩል ተባዝቶ፣ ያውም ለሁለት አደጋ፤ በዚያ ላይ በእሳተ ገሞራ ወይም በባሕር ሥር ገደል በኩል የሚያልፈው ክፍል ሙሉ ርዝመት። መገጣጠሚያ ዕቃዎቹ የሚያልፍባቸው ቀን አላቸው፤ መጋዘን ውስጥ አለ ብሎ መተኛት አይቻልም። የመርከቧ የጉምሩክ፣ የመግቢያና የሥራ ፈቃድም አስቀድሞ ይዘጋጅ። የጥገና መርከብ ወደብ ላይ ቆማ ማኅተም ስትጠብቅ ከማየት የሚያበሽቅ ነገር የለም።

«ሁለተኛ ገመድ ይጨመር» ማለት ቀላል ነው፣ ትክክልም ነው። ግን ሁለት ገመድ በአንድ ጎርፍ ከተወሰደ ቁጥሩ ምን ይጠቅማል? የቶንጋ ሁለቱ ገመዶች የተጎዱት በአንድ እሳተ ገሞራ ነው። መቆጠር ያለበት የጋራ መሰበሪያ ነው። አንድ ማረፊያ ጣቢያ ናቸው? አንድ ጀነሬተር? ከዳርቻ እስከ ጣቢያ አንድ ቱቦ? አንድ ጎረቤት አገር? የመጨረሻው ጥያቄ ፓስፊክ ላይ ይከብዳል፣ ምክንያቱም የቶንጋው ገመድ፣ ከ2014 ጀምሮ የቫኑዋቱው፣ ከ2018 ጀምሮ የሳሞአው ቱኢ ሳሞአ ሁሉም የሚሄዱት ወደ ሱቫ ነው፤ እዚያ ሳውዘርን ክሮስ ከተባለው ትልቅ የፓስፊክ ገመድ ጋር ይገናኛሉ። ሱቫ ላይ የሚደርስ ነገር የአራት አገር ነገር ነው። ዲሴምበር 17 ቀን 2024 ቫኑዋቱ በ7.3 ሬክተር ስትመታ ብቸኛው የውጭ ገመዷ የተቋረጠው ፖርት ቪላ የሚገኘው ማረፊያ ጣቢያ ስለተጎዳ ነበር፤ ገመዱ ባሕር ውስጥ ደኅና ሆኖ። ማርሻል ደሴቶችም በ2016 መጨረሻ በብቸኛው ገመዳቸው ምክንያት ለሳምንታት ተቸግረዋል። ነገሩ ድሮም ያለ ነው። በ1902 የተጠናቀቀው የቴሌግራፍ ገመድ ከካናዳ ወደ አውስትራሊያ ሲሄድ ፋኒንግ በምትባል ደሴት ያርፍ ነበር፤ ዛሬ የኪሪባስ ግዛት ናት። በሴፕቴምበር 1914 የጀርመን የጦር መርከብ ኑረንበርግ መጥታ እዚያው ቆረጠችው።

ገንዘቡ ከየት ይምጣ? ኒዌ ሕዝቧ 2,000 አይሞላም፤ ብቻዋን ገመድ ልትገዛ አትችልም። ያገኘችው በጋራ ነው። ማናቱዋ የተባለው 3,600 ኪሎ ሜትር ገደማ ገመድ ሳሞአን፣ ኒዌን፣ ኩክ ደሴቶችንና የፈረንሳይ ፖሊኔዥያን አያይዞ በ2020 ሥራ ጀምሯል። ሌላው መንገድ በአጠገብ የሚያልፍን ትልቅ ገመድ መያዝ ነው። በ2018 ሥራ የጀመረው ሃዋይኪ አውስትራሊያንና ኒውዚላንድን ከሃዋይና ከአሜሪካ ሲያገናኝ ለአሜሪካ ሳሞአ ቅርንጫፍ አወጣ፣ ለሌሎች ደሴቶችም የቅርንጫፍ መገንጠያ ባሕር ውስጥ አስቀመጠ። መገንጠያው ገመዱ ገና ፋብሪካ ሳለ ሲታዘዝ ከጠቅላላው ወጪ ትንሽ ነው። ገመዱ ተኝቶ ትራፊክ ከጀመረ በኋላ መጨመር ግን የሥራ ላይ ገመድ መቁረጥ ማለት ነው፣ ባለቤቱም አይፈቅድም። ስለዚህ ትንሽ አገር የማንኛውንም አላፊ ገመድ የመንገድ ጥናት ከመጀመሪያው ቀን መከታተል አለባት፤ ቅርንጫፉን የምትከፍልበት ገንዘብ ባይኖራትም መገንጠያውን ታስቀምጥ።

ወደ ሳተላይት ስንመጣ ከፍታው ሁሉን ይወስናል። በ35,786 ኪሎ ሜትር ላይ ቆሞ የሚታየው ሳተላይት ደርሶ መልሱ 600 ሚሊ ሴኮንድ ገደማ ነው። ኦስሪቢ የተባለው የሳተላይቶች ቡድን በ8,062 ኪሎ ሜትር ላይ ስለሚዞር ወደ 150 ይወርዳል፤ ኩክ ደሴቶች በ2014 ከመጀመሪያዎቹ ደንበኞች ነበሩ። ስታርሊንክ በ550 ኪሎ ሜትር አካባቢ ሆኖ ከዚያም በእጅጉ ይቀንሳል፣ ቅርብ የመሬት ጣቢያ እስካለ ድረስ። ከሌለ ዳታው ከሳተላይት ወደ ሳተላይት በሌዘር ይሄድና ይረዝማል።

600 ሚሊ ሴኮንድ ለምን ያማል? ኢንተርኔት ላይ ዳታ የሚላክበት ደንብ፣ ቲሲፒ፣ የላከው ደረሰ እስኪባል ይጠብቃል። መስኮቱ (መልስ ሳይጠብቅ በአንዴ የሚልከው መጠን) በድሮው ልክ 64 ኪሎ ባይት ላይ ከቆመ፣ 65,535 ባይት በ0.6 ሴኮንድ ሲካፈል አንድ ዳውንሎድ በሴኮንድ ከ0.87 ሜጋ ቢት አይበልጥም፣ ሳተላይቱ የቱንም ያህል ሰፊ ቢሆን። የዛሬ ስልኮችና ኮምፒውተሮች መስኮቱን ስለሚያሰፉ ይህ ቀሏል። የከፋው የወረፋው ጉዳይ ነው። ሳተላይቱ መግቢያ ላይ ወረፋው ይሞላል፣ ፓኬቶች (የዳታው ቁርጥራጮች) ይጣላሉ፣ መጣላቸውን ግን ላኪዎቹ ሁሉ የሚያውቁት ከግማሽ ሴኮንድ በኋላ ነው፤ ሁሉም በአንዴ ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ፣ መስመሩ ባዶ ይቀራል፣ ደግሞ ሁሉም በአንዴ ይመለሳሉ። ኦፕሬተሩ የአምስት ደቂቃ አማካይ ግራፍ አይቶ «60 በመቶ ብቻ ነው የተያዘው» ይላል፤ ደንበኛው «ኔትወርክ የለም» ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው። ግራፉን በሴኮንድ ክፍልፋይ መቅዳት እንደ መጋዝ ጥርስ የሚወጣውንና የሚወርደውን ያሳያል። መድኃኒቱ ቲሲፒን መግቢያው ላይ የሚያስተናግድ ማፋጠኛ መጫንና ወረፋውን ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ እኩል ተራ በሚሰጥ ፍትሐዊ ወረፋ ማስተዳደር ነው። ወረፋውን ማስረዘም በሽታውን ያብሰዋል፤ ብዙዎች ግን መጀመሪያ የሚሞክሩት እሱን ነው።

ሳተላይት መጠባበቂያ ሲሆን ሒሳቡ እንዲህ ነው። 300 ሜጋ ቢት ገዝተን ለ100,000 ሰው እኩል ብናካፍል ለአንድ ሰው 3 ኪሎ ቢት ይደርሰዋል፤ ለማንም አይሠራም። ያንኑ ለስልክ ድምፅ ብናደርገው፣ በጥሪ 30 ኪሎ ቢት ብንይዝ፣ 10,000 ሰው በአንዴ ያወራል። በ3 ሜጋ ቢት ቪዲዮ ከተበላ ግን 100 ሰው ይጨርሰዋል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ አስቀድሞ ራውተሩ ውስጥ ተጽፎ መጠበቅ አለበት። መጀመሪያ አደጋ ጊዜ አገልግሎትና ሆስፒታል፣ ከዚያ አጭር መልእክትና ድምፅ፣ ከዚያ የባንክና የሐዋላ ዝውውር (ቶንጋ ውስጥ ከውጭ የሚላክ ገንዘብ የኑሮ ምሰሶ ነው)፣ ከዚያ ጽሑፍ። ቪዲዮና የሶፍትዌር ማደሻ ይዘጋ። ማደሻው ይረሳል፤ መስመሩ በተመለሰ በደቂቃው አሥር ሺህ ስልክ ማደስ ይጀምርና እንደገና ይደፍነዋል።

ስታርሊንክ ስላለ ይህ ሁሉ ቀረ የሚል ክርክር እየሰማሁ ነው። ለአንድ ክሊኒክ ወይም ለሩቅ ትምህርት ቤት ትልቅ ነገር ነው፣ አልከራከርም። ነገር ግን ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ቤቶች በየዲሻቸው ሲነጋገሩ ዳታቸው ውጭ አገር ደርሶ ነው የሚመለሰው፤ ከፋይ ደንበኛው ከአገር ውስጡ ኦፕሬተር ሲወጣም የገመዱ ዕዳ በቀሩት ላይ ይወድቃል።

ይህ ወደ ዋናው የተረሳ ሥራ ይወስደናል፦ ገመዱ ሲቆረጥ ደሴቷ ከራሷ ጋር እንድትነጋገር ማድረግ። ኑኩአሎፋ ውስጥ ከመንገድ ማዶ ላለ መሥሪያ ቤት የተላከ ኢሜይል ሰርቨሩ ሲድኒ ከሆነ አይደርስም። ሁለት የአገር ውስጥ ኦፕሬተሮች የሚገናኙት ኦክላንድ ላይ ከሆነ እርስ በርስም ይጠፋፋሉ። ለዚህ የሚያስፈልገው የልውውጥ ጣቢያ፣ ኦፕሬተሮቹ አገር ውስጥ በቀጥታ የሚገናኙበት ቦታ፣ ነው፤ ቫኑዋቱ በ2013፣ ፊጂና ፓፑዋ ኒው ጊኒ በ2017 አቋቁመዋል። ዕቃው ርካሽ ነው። ከኦፕሬተሮቹ የማንም ያልሆነ ክፍል (ዩኒቨርሲቲ ይመረጣል)፣ ሁለት ስዊች፣ ጥሩ ዩፒኤስ፣ ለእያንዳንዱ አባል አንድ የቢጂፒ (ራውተሮች መንገድ የሚነጋገሩበት ደንብ) ግንኙነት። የሚከብደው ትልቁ ኦፕሬተር ትንሹን «ተወዳዳሪዬን በነጻ ለምን ላገናኝ» ሲለው ነው፤ እዚያ ላይ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ካልገባበት ስዊቹ አቧራ ይጠጣል።

ስዊቹ ብቻ አይበቃም። ስም ወደ አድራሻ የሚለውጠው ዲኤንኤስ የአገሪቱን መጠሪያ (የድረ ገጽ አድራሻ መጨረሻ ላይ ያለውን) የሚፈልገው የስሞች ሁሉ መነሻ ከሆነው ከሩት ሰርቨር ጀምሮ ነው። በትውስታ የተያዘው ቢበዛ ሁለት ቀን ያህል ይቆያል፤ ከዚያ በኋላ ገጹ ደሴቷ ላይ ቢኖርም ስሙ አይፈታም። ስለዚህ የሩት ሰርቨር ቅጂና የአገሪቱ መጠሪያ አንድ ሰርቨር ልውውጥ ጣቢያው ውስጥ ይቀመጡ። ሌላው ድብቅ ነገር መግቢያው ነው። የሆስፒታሉ ሥርዓት እዚያው ክፍል ውስጥ ሆኖ የይለፍ ቃል የሚያረጋግጠው ውጭ አገር ያለ ክላውድ ከሆነ ነርሷ መግባት አትችልም። የቪዲዮ መሸጎጫ ሰርቨሮችም ከእናት ሰርቨራቸው ጋር ካልተገናኙ ማገልገል ሊያቆሙ ይችላሉ፤ በእነሱ አትመኩ።

ሩቅ ደሴት ላይ የሚተከለው ትንሽ ጣቢያ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። ዲሹ 75 ዋት፣ የሞባይል አንቴናው፣ ራውተሩና መቆጣጠሪያው 75 ዋት ቢወስዱ በቀን 3.6 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። በቀን 4.5 ሰዓት ሙሉ ፀሐይና 30 በመቶ ብክነት ብንይዝ 1.15 ኪሎ ዋት ያህል ፓነል ያስፈልጋል። ሦስት ቀን ደመና ለመቋቋም 10.8 ኪሎ ዋት ሰዓት፤ ባትሪው 80 በመቶ ብቻ እንዲወርድ ከተባለ 13.5፣ በ48 ቮልት 280 አምፔር ሰዓት ገደማ። ሊድ አሲድ ባትሪ ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ይቀንሳልና ሙቅ ሳጥን ውስጥ አታስገቡት፤ ሊቲየም አይረን ፎስፌት ይሻላል።

ገዳዩ ግን ጨው ነው። ማራገቢያ ያለው ሳጥን ጨዋማ አየር እየሳበ ቦርዱን ይበላል፤ ያለ ማራገቢያ የታሸገ፣ ነጭ ቀለም የተቀባና ጥላ ያለው ይሁን። አሉሚኒየም ከስቴንለስ ብሎን ጋር ሲነካካ አሉሚኒየሙ ይበላል፤ በመሐላቸው የናይለን ዋሸር ይግባ። የገመድ መግቢያዎች ወደ ታች ይመልከቱ፣ ክፍት ቀዳዳ አይተው፤ ጉንዳን የሞቀ ኤሌክትሮኒክስ ይወዳል። የመብረቅ መሬት ማስገባት ኮራል አሸዋ ላይ ከባድ ነው፣ አሸዋው ደረቅ ስለሆነ አንድ ዘንግ ምንም አያደርግም፤ አራት አቅጣጫ 20 ሜትር የመዳብ ጥብጣብ ግማሽ ሜትር ጥልቀት ቅበሩና ሁሉንም አንድ ነጥብ ላይ እሰሩ። ምሰሶው የሚታጠፍ ይሁን፣ ሳይክሎን ሲመጣ ዲሹ እንዲወርድ፤ 13 ቁጥር መፍቻው በገመድ ከምሰሶው ጋር ይታሰር፣ መመሪያው በደሴቷ ቋንቋ ይለጠፍ፣ የሚያወርዱትም ሁለት ሰዎች ይሠልጥኑ፤ አንዱ ዓሣ ማጥመድ ሄዶ ይሆናልና። መርከብ በሳምንታት አንዴ ስለሚመጣ ሁለት ፓወር ሰፕላይ፣ አንድ ትርፍ ዲሽና የመብረቅ መከላከያዎች እዚያው ይቀመጡ።

በዓመት ሁለቴ ደግሞ፣ ማክሰኞ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ገመዱን ሆን ብሎ ለሠላሳ ደቂቃ ከራውተሩ መንቀል ነው። ሰው ተኝቷል፣ ጉዳቱ ትንሽ ነው። ስልክ ይደወል፣ የአገር ውስጥ ገጽ ይከፈት፣ ሆስፒታሉ ይግባ። የመጀመሪያው ሙከራ ላይ የሚወጣው ዝርዝር ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው። የሳተላይት ሞደሙ ፈቃድ ጊዜው አልፏል፣ የመጠባበቂያ ራውተሩ ይለፍ ቃል ከዓመት በፊት ሥራ የለቀቀ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ነው፣ ጀነሬተሩም ነዳጁ አርጅቶ አልነሣ ብሏል።